ጣሳ የተደፋበት ቤት፦ ከረጅም ሩጫ በኋላ ስለምጠጣት ቅራሪ

ቤቱ ታፔላ የለውም። ስምም የለውም። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የቆርቆሮ አጥር አለ፣ አጥሩ ላይ ቀጭን እንጨት ቆሟል፣ እንጨቱ ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቷል። ምልክቱ ይኸው ነው። ጠላ ቤት የሚያውቅ ሰው ሲያየው ይገባዋል፤ የማያውቅ ልጆች ሲጫወቱ የረሱት ይመስለዋል። ካርታ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ባለቤቷን ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። ስለ ቤትዎ ልጽፍ ነው ስላቸው ብዙም ደስ አላላቸውም። "ሰው ሰብስበህ ጠላዬን ልታስጨርስብኝ ነው?" አሉኝ።

ስለ ጠላው ከማውራቴ በፊት ጠጪው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ለምን ቅራሪ ቅራሪ እንደምል አይገባችሁም። ቅራሪ ጠላው ካለቀ በኋላ ከአተላው የሚወጣው ቀጭኑ ነው። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ትልቋ 9 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 5። ቅዳሜ ቅዳሜ ረጅም ሩጫ እሮጣለሁ። ፈጣን አይደለሁም። የበቆጂ ልጆች ስሮጥ ቢያዩኝ አውቶቡስ ሊያመልጠው ያለ ሰው ነው የምመስላቸው። አዲስ አበባ ሄጄ ታላቁን ሩጫ ሁለት ጊዜ ሮጫለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከፍታው ትንፋሼን ቀምቶ የጨረስኩት በጭፈራው ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ በ1,000 ሜትር በላይ ትበልጣለች። ሳንባዬ ልዩነቱን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ድሬ ላይ መሮጥ የሚፈልግ ሰው ፀሐይ ሳትነቃ መነሳት አለበት። እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እወጣለሁ። በከዚራ ዛፎች ሥር አልፋለሁ፣ ለገሃርን እዞራለሁ፣ በጋ ከሆነ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ውስጥ ወርጄ አሸዋው ላይ ትንሽ እሮጣለሁ። አሸዋ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው አስፋልት ላይ ሁለት እንደሮጠ ይቁጠረው። ክረምት ላይ ግን አልወርድም። የ1998ቱን የሌሊት ጎርፍ የሚያስታውስ የድሬ ሰው ተራራው ላይ ደመና እያየ ደቻቱ ውስጥ አይዝናናም። ጉልበት ያለኝ ቀን ደግሞ የደንገጎን ዳገት እይዘዋለሁ። ጠመዝማዛው መንገድ ያምራል፣ ዝንጀሮዎቹም ተቀምጠው ያዩሃል፣ ችግሩ ከላይ የሚወርዱት ጫት የጫኑ መኪኖች ናቸው። እነሱ ፍሬን የሚባል ነገር ያላቸው አይመስልም። ጡሩምባ ስትሰማ መንገዱን ለቀህ ቦዩ ውስጥ ግባ፣ ክርክር የለም።

ቤት የምመለሰው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ 2 ሰዓት ላይ ባለቤቴ ሥራ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የእኔና የልጆቹ ነው። ፉል በዳቦ እናደርጋለን፣ ከፊራ ገበያ ወርደን አትክልት እንገዛለን፣ ትንሹ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ካልተገዛለት አንሄድም ይላል፣ ይገዛለታል። 4 ሰዓት ሲሆን እግሬ ድንጋይ ይሆናል። በዚህ ሰዓት ነው ወደ ጣሳው ቤት ጎራ የምንለው። አዎ፣ ከልጆቼ ጋር። "ልጅ ይዞ ጠላ ቤት?" የሚል ካለ አልፈርድበትም፣ እኔም ብዙ አስቤበታለሁ። ነገር ግን ግቢው ሰፊ ነው፣ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፣ ጠዋት ጠዋት የሚመጡት ዕድሮቻቸውን የሚያወሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ለልጆቹ ደግሞ ቀሪቦ አለ። ቀሪቦ የማታውቁ ካላችሁ፣ ጠቆር እስኪል ከተቆላ ገብስ የሚሠራ ጣፋጭ መጠጥ ነው፣ አያሰክርም። የሩጫ ጓደኛዬ ሙስሊም ነው፣ እሱም የሚጠጣው ቀሪቦ ነው፤ ከልጆቼ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ማን ቶሎ ይጨርሳል ውድድር ይገጥማል። ብዙውን ጊዜ የምታሸንፈው ትልቋ ናት።

አሁን ወደ መጠጡ።

የዚህ ቤት ዝና ፊልተር ጠላ ነው። ጠራ ያለ፣ ወርቃማ፣ ሲጠጡት ለስላሳ፣ ሲነሱ ግን ጉልበት የሚይዝ። ከሰዓት በኋላ በርጫውን ጨርሶ "ምርቃና ላውርድ" ብሎ የሚመጣ ሁሉ የሚያዘው እሱን ነው። ጥሩ ጠላ ነው፣ አልዋሽም። ግን ለሯጭ አይሆንም። ይህንን ያወቅኩት በመጥፎ መንገድ ነው።

ግንቦት ላይ ነበር። የግንቦትን ድሬ ታውቋታላችሁ። የዚያን ቀን 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሮጥኩ። ከመውጣቴ በፊት ሚዛን ላይ ቆሜ 71.2 ኪሎ ነበርኩ፤ ስመለስ ላቤን ጠርጌ ስወጣበት 68.7። መንገድ ላይ ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጥቻለሁ፣ እሱን ስትደምሩበት ወደ 3 ሊትር ላብ ፈሷል ማለት ነው። የጎደለውን አንድ ኪሎ በአንድ ሊትር ተኩል ገደማ ቀስ እያሉ መተካት እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፣ ለሌላ ሰው እመክራለሁም። እኔ ግን ያደረግኩት ምንድን ነው? አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቼ፣ ፉሉን ለልጆቹ ሰጥቼ፣ በባዶ ሆዴ ሁለት ፊልተር። የኒሙ ጥላ ነፋስ ነበረው። አግዳሚው ግድግዳ አለው። ከዚያ የማስታውሰው ትንሹ ልጄ የጫማዬን ክር ከአግዳሚው እግር ጋር አስሮ ሲስቅ ነው። ትልቋ ስልኬን ይዛ ቆማለች። ለእናቷ ደውላ "አባባ እማማ ቤት ተኝቷል፣ ግን ደህና ነው፣ ይተነፍሳል" ብላታለች።

ባለቤቴ ማታ ምንም አላለችኝም። እራት አቀረበች፣ ሳህኑን አነሳች፣ ዝም። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በአፍረት ሄጄ፣ እማማ ልክ ፊልተሩን ሊቀዱ ሲሉ፣ "ዛሬ ቅራሪ ካለ ቅራሪ ይስጡኝ" አልኳቸው።

ቆም ብለው አዩኝ። "ቅራሪ? ለእንግዳ?"

"እንግዳ አይደለሁም እኮ እማማ።"

"ልጄ፣ ሰው ቢያይ ምን ይለኛል? ጠላ እያለ ቅራሪ አቀረበች ይለኛል።"

እውነታቸውን ነው። በእኛ ዘንድ ቅራሪ የሚቀርበው ጠላው ሲያልቅ ነው፣ እሱም እየተለመኑ።  ለማሳመን ወደ አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። በመጨረሻ "ሐኪም አዞኝ ነው" ብዬ ዋሸሁ። በጣሳ ሞልተው፣ ሰው እንዳያይ በእጃቸው ጋርደው አመጡልኝ።

ስለ ጣዕሙ ልንገራችሁ። መልኩ አያምርም፣ ቀጠን ያለ ሻይ ነው የሚመስለው። ሲጠጋ መጀመሪያ የሚመጣው የወይራ ጭስ ነው፣ ጋኑ የታጠነበት። ምላስ ላይ ቀለል ያለ ኮምጣጣነት አለው፣ ሎሚ የነካው ውሃ ዓይነት። ከዚያ ከዋጡት በኋላ ጌሾው ከኋላ ይመጣል፣ ትንሽ ምረት፣ የጉሮሮን ድርቀት ጥርግ የሚያደርግ። አይከብድም። ሁለት ጣሳ ጠጥቼ ልጆቼን ይዤ በእግሬ ቤቴ ገብቻለሁ፣ የቤት ሥራም አሠርቻለሁ።

ለምን እንደሚስማማ ለማወቅ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ጎራ ብዬ እማማን ሲጠነስሱ አየሁ። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትገው ያጥባሉ፣ በወይራ ያጥናሉ፣ የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ይዘፈዝፋሉ። ቀናት ቆይቶ ብቅሉ ይገባል፣ ጥንስስ ይሆናል። ከዚያ እንኩሮው። ሊጡን ምጣድ ላይ እያገላበጡ ሲቆሉት ግቢው በሙሉ የተጋገረ ዳቦ ይሸታል፤ ትንሹ ልጄ ቢኖር ኖሮ ከምጣዱ ላይ ያፍስ ነበር። ጥንስሱና እንኩሮው ሲገናኙ ድፍድፍ ነው፣ እሱ ሲፈላ ውሃ ይጨመርና ይከደናል። መጀመሪያ የሚቀዳው ጠንካራው ነው። ጠላው ተቀድቶ ሲያልቅ ጋኑ ውስጥ የቀረው አተላ ላይ እንደገና ውሃ ይፈስበትና ያድራል። ቅራሪ እሱ ነው። ጭሱና ጌሾው አለ፣ አልኮሉ ግን ስሙ ብቻ ቀርቷል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አልኮል ያሸናል፣ ይህን ለማወቅ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። ከላብ በኋላ ሰውነት የሚፈልገው ውሃውን እንዲይዝ ነው። አልኮሉ 2 በመቶ አካባቢ ሲሆን ከውሃ ብዙም የተለየ ነገር አያደርግም፤ 4 ሲደርስና ከዚያ ሲያልፍ ግን የጠጣኸው ቶሎ ይወጣል። ፊልተር ጠላ በቀላሉ ከዚያ በላይ ነው፣ የጠርሙስ ቢራም እንደዚሁ። ቅራሪው የጎደለው ጨው ብቻ ነው። እሱንም እማማ ጨው ጣል ያደረጉበት የሽምብራና የስንዴ ንፍሮ ያመጡና ይሞሉታል። ይህንን ሁሉ ስል ግን ከሩጫ እንደተመለሳችሁ ቀጥታ ጣሳ ያዙ ማለቴ አይደለም። እኔ አሁን ቤት ስገባ መጀመሪያ ውሃ፣ ሙቀቱ የባሰ ቀን ደግሞ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ውሃ፣ ከዚያ ምግብ። ቅራሪው የሚመጣው ሽንት ከሸናሁ በኋላ ነው። ይቅርታ፣ ግን ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም።

የሚስቴ ወንድም አምና ከአሜሪካ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ በካልሲ ጠቅልሎ አራት ጣሳ ክራፍት ቢራ አምጥቶልኝ ነበር። አይፒኤ የሚሉት ነው። በትንሽ ፋብሪካ፣ በትንሽ መጠን፣ ሆፕስ በብዛት ጨምረው የሚጠምቁት። ከፈትነው። ሽታው የብርቱካን ልጣጭና የጥድ ቅጠል፣ ምረቱ ደግሞ ጆሮ የሚያቆም። ጥሩ ነው፣ ልዩ ነው። በማግስቱ እኔ በተራዬ እማማ ቤት ወሰድኩትና ጉሽ፣ ያልተጣራውን ጠላ፣ አቀመስኩት። ጣሳውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ አየ፣ አሸተተ፣ ደጋግሞ ቀመሰ። "ይሄን እኛ ሰፈር አንድ ጢማም ሰውዬ በብርጭቆ ስምንት ዶላር ይሸጠዋል" አለ። አላጋነነም። በትንሽ መጠን የሚጠመቅ፣ የተጠመቀበት ቤት የሚጠጣ፣ ያልተጣራ፣ በዕፅ ምረት የተሰጠው፣ በጭስ የታጠነ። ሆፕስ ለነሱ የሚሠራውን ጌሾ ለኛ ይሠራል። ለነገሩ ጀርመኖች በ1516 ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ ውጪ አይጠመቅ ብለው ሕግ ሲያወጡ እማማን ቢጠይቁ ኖሮ ሕጉ ከምድጃ አያልፍም ነበር።

የጠርሙስ ቢራን ጠላት አድርጌ እንዳልታይ። ሐረር ስወጣ ሐኪም ስታውት ካገኘሁ አላልፈውም። ፋብሪካውን ሄኒከን በ2003 ገዝቶታል፣ ለእኔ ግን ሐኪም የሚለውን ስም ሳይ የሚታየኝ ከተማዋን ከላይ የሚያየው ሐኪም ጋራ ነው። ጥቁር ቢራ ለቀዝቃዛ ማታ ነው፣ የሐረር ማታ ደግሞ ሹራብ ያስለብሳል። ድሬ ላይ ግን በዚያ ሙቀት የተቆላ ገብስ ሽታ ያለው ወፍራም ነገር አይወርድልኝም። ቦታ ቦታ አለው።

ወደ ቤቱ ጉድለት ልምጣ፣ አለ።

ሽንት ቤቱ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ሴት ልጄ እዚያ ቤት ከመሄዳችን በፊት ቤት ሸንታ ነው የምትወጣው፣ ትእዛዙ የእናቷ ነው።

ሁለተኛ፣ እማማ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሁለቱ ጋኖች አንዱን በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ተክተዋል። ጋኑ ተሰነጠቀ፣ ሌላ መግዣ ተወደደ ይላሉ፣ ይገባኛል። ግን ፕላስቲክ ጭስ አይዝም። ከበርሜሉ የተቀዳ ቀን ጠላው ባዶ ነው፣ ነፍስ የለውም። "ከጋኑ ነው ወይስ ከበርሜሉ?" ብላችሁ ጠይቁ። አይዋሹም።

ሦስተኛ፣ ሙቀቱ። ሐረር ላይ አንድ ሳምንት የሚቆይ ጠላ ድሬ ላይ ቶሎ ሆምጣጤ ወደ መሆን ይሄዳል። እማማ ጋኑን በረጠበ ጆንያ ይጠቀልሉታል፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ይረጩበታል፣ ውሃው ሲተን ጋኑ ይቀዘቅዛል። ይህ ዘዴ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይሠራል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን ሁለት ጊዜ የኮመጠጠ አጋጥሞኛል፣ አንዱን ቀን አፌን ሰብስቤ ጨርሼ ከፍያለሁ። ነገሬን ከፊቴ አውቀው "ምነው ልጄ፣ ኮመጠጠብህ?" ሲሉኝ "ኧረ ጥሩ ነው" አልኩ። ይሄ የእሳቸው ጥፋት ነው የእኔ? ግማሽ ግማሽ።

ዋጋው፦ ፊልተር 40፣ ቀሪቦ 20፣ ቅራሪ 15 ብር። ቅራሪውን መጀመሪያ በነጻ ነበር የሚሰጡኝ፣ ሊያስከፍሉኝ አፍረው። አሁን ጓደኞቼ ጭምር ስለሚያዙት ዋጋ ወጣለት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ቴሌቪዥኑንም ልጥቀስ። ትንሽ ነው፣ ድምፁ ይጮኻል፣ ብዙ ጊዜ ያናድደኛል። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ግን ይቅር ብዬዋለሁ። ቅዳሜ ነበር፣ የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን። 3 ሰዓት ላይ ጀመረ፣ ከልጆቹ ጋር ቀድመን ደረስን። ፍልሰታ ስለነበር ሽማግሌዎቹ የሽሮ ሳምቡሳ እየበሉ ነው፣ ጠላ እንደሆነ ጾም አይፈታም። ታምራት ቶላ በተጠባባቂነት ተይዞ ሰው ሲጎዳ የገባ ነው፤ ዳገቱ ላይ ለብቻው ሲወጣ ግቢው ጸጥ አለ። በ2፡06፡26 ሲገባ ጸጥታው አለቀ። ትንሹ ልጄ ከአግዳሚው ላይ ዘሎ ቀሪቦውን ደፋ፣ እማማ ደግሞ ያለ ወትሯቸው ለሁሉም ሰው አንድ አንድ ቀዱ። ለእኔ ሳልጠይቃቸው ቅራሪ። ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ ጣሳዬ ውስጥ አጎንብሰው አዩና "ምን አጥፍቶ ነው?" ብለው እማማን ጠየቁ። እማማ ሳቁ። "እሱም ሯጭ ነኝ ይላል" አሉ።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጣለሁ። አንዷ በሽንት ቤቱ የተነሳች ናት፣ በርሜሉን በአዲስ ጋን ቢተኩት ግን ሽንት ቤቱን ረስቼ እመልሳታለሁ። ምርጥ ቀን ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት፣ ሐሙስ የተጠነሰሰው ሳይሆን የባለፈው ሳምንት ሲወጣ። ቅራሪ በሁለት ሰው ካዘዛችሁ ይቀላል፣ እማማ ለብቻው ላዘዘ ሰው ያፍሩለታል። ከ10 ሰዓት በኋላ አትሂዱ፣ ያኔ የምርቃና ሰዎች ሰዓት ነው፣ ሙዚቃውም ይጮኻል። ጣሳው ከእንጨቱ ላይ ከወረደ ደግሞ አልቋል ማለት ነው። በሩን አታንኳኩ፣ ውሻ አለ።